ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ፦ ለጤናና ለፍትሕ የሚታገሉ ወጣቶችን ማን ያስተምራል?

የምዕራብ ጎጃምን ዋና ዋና የጤና ችግሮች ሐኪም ብቻውን አይፈታቸውም። በብር ሸለቆና ወደ ዓባይ በሚያዘቀዝቀው ቆላ ወባ አለ። በደጋው ቀይ አፈር ላይ ዕድሜውን በባዶ እግሩ ያረሰ ገበሬ እግሩ ያብጣል፤ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ የሚሉት፣ ሕዝቡ ከዝሆኔ የሚቆጥረው ሕመም ነው። መከላከያው ጫማና የእግር ንጽሕና ሆኖ ሳለ «በዘር ይወርዳል» እየተባለ የታማሚው ልጅ ሳትዳር ትቀራለች። በክረምት ሰሊጥ ለማረም ወደ መተማና ወደ ሁመራ የሚወርደው ጎረምሳ ከቀን ሥራው ገንዘብ ጋር ወባን፣ አንዳንዴም ካላዛርን ይዞ ይመለሳል። ያለ ዕድሜዋ የተዳረች ልጅ በረዥም ምጥ ፊስቱላ ይደርስባታል። መሬቱ፣ ጫማው፣ የቀን ሥራው ውል፣ ጋብቻው፣ ሽንት ቤቱ ሁሉ የጤና ጉዳይ ነው።

ስለዚህ ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ ተነሥቶ ለሕዝብ ጤና ልታገል የሚል ወጣት ሙያም ድምፅም ያስፈልገዋል። በሽታው እንዴት እንደሚተላለፍ ማወቅ አለበት፤ ድሃውን ለምን መርጦ እንደሚመታ ጠይቆ ወረዳውን፣ አሠሪውን፣ የገዛ ዘመዱንም መሞገት አለበት። ሁለቱን የሚያስጨብጥ ትምህርት ገንዘብ ይፈልጋል፤ ይህን ያህል ገንዘብ ደግሞ ከበርበሬና ከበቆሎ ሽያጭ በቀላሉ አይገኝም። ታዲያ እስከ ዛሬ ገንዘቡን የሰጠው ማን ነው? ማንን መረጠበት? በምላሹስ ምን ጠየቀ? እነዚህን ጥያቄዎች ይዘን ስንዞር አንድ ነገር ደጋግሞ ያጋጥመናል። ከቀበሌው መርጦ የሚያስተምረው አገልጋይ ያፈራል እንጂ ጠያቂ እንዲሆን አይፈቅድለትም፤ ጠያቂውን ፈልጎ የሚያስተምረው ደግሞ ቀበሌው ድረስ አይወርድም።

ገጠሩ ራሱ ሲያስተምር

ነፃ የትምህርት ዕድል በጎጃም አዲስ ነገር አይደለም። የጎንጅና የዋሸራ ቅኔ ቤቶች ከሩቅ አገር የመጣውን የቆሎ ተማሪ ለዘመናት ሲያስተምሩ፣ ወጪውን የቻለው የአካባቢው ገበሬ ነው። ተማሪው አኩፋዳውን አንግቶ በየደጁ ይቆማል፤ ባላገሩም ከዕለት እንጀራው ይቆርስለታል። ማመልከቻ የለም፣ የውል ሰነድ የለም፣ «ስትጨርስ እዚህ ታገለግለኛለህ» የሚል የለም። ከዚህ ትምህርት የሚወጣው ሊቅም ሰምና ወርቁን ለብሶ ባለሥልጣኑንም ባለጸጋውንም የሚሸነቁጥ ነበር። ገጠሩ በገዛ እህሉ ጠያቂ ያስተምር ነበር ማለት ነው።

ጉድለቱም ግልጽ ነው፤ በሩ ለወንድ ልጅ ብቻ የተከፈተ ያህል ነበር። ዓይነ ስውሯ የቅኔ መምህርት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ስማቸው እስከ ዛሬ የሚነሣው በሩን አልፈው ከገቡት ጥቂት ሴቶች አንዷ ስለሆኑ ጭምር ነው። ያም ሆኖ ከኋላ የመጡት የዘመናዊ ትምህርት ዕድሎች ከዚህ ልማድ አንድ ነገር ሳይወስዱ ቀርተዋል፤ ተማሪውን በእምነት ማብላትን።

ከጎንደር እስከ ዘመቻው

የሕዝብ ጤና ሙያ በአገራችን የተቋቋመው ከአዲስ አበባ ርቆ ነው። የደምቢያ ወባ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ከጨረሰ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። ሐሳቡ ለጊዜው ደፋር ነበር። ጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ አብረው ሠልጥነው በአንድ ቡድን ወደ ገጠር እንዲሰማሩ ታሰበ። ጊዜው የሚያስቸኩል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1958 ወባ ወደ ደጋማው አገር ወጥቶ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳሳመመና 150 ሺህ ያህል እንደገደለ ይገመታል። ኮሌጁ ተማሪውን በነፃ አስተማረ፤ ተማሪውም በመንግሥት ጤና ጣቢያ ሠርቶ ከፈለ። ትምህርትን በአገልግሎት የመክፈል ልማድ በጤናው ዘርፍ የጸናው ከዚያ ወዲህ ነው።

ጥያቄው የመጣው በሌላ መንገድ ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር እንዲያገለግል ደነገገ። የታሰበው ለልማት ነበር። ወጣቱ ግን የጭሰኛውን ኑሮ በዓይኑ አይቶ ተመለሰ፤ ያየው ነገርም የተማሪውን እንቅስቃሴ አጋለው። ደርግ በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. 60 ሺህ የሚደርሱ ተማሪዎችንና መምህራንን በእድገት በኅብረት ዘመቻ ሲያሰማራ ደግሞ ወጣቱ ጤናና ማንበብ፣ መሬትና መደራጀት በአንድ ላይ እንዲያስተምር ታዘዘ። ዘመቻው አገልጋይንም ጠያቂንም በአንድ ሰው ውስጥ ለማግኘት የተሞከረበት ጊዜ ነበር ማለት ይቻላል። ብዙ ዘማች ጥያቄውን ከታዘዘው በላይ ሲገፋው ግን መንግሥት ፊቱን አዞረ፤ የዚያ ትውልድ ዕጣ የታወቀ ነው።

የቀበሌ ልጆች

በብዛትም በውጤትም የሚወዳደረው የሌለ ዕድል በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ነው። መንግሥት ከየቀበሌው 10ኛ ክፍል የጨረሱ ወጣት ሴቶችን መርጦ፣ ለአንድ ዓመት በራሱ ወጪ አሠልጥኖ፣ ሁለት ሁለት አድርጎ ወደ ቀበሌያቸው መለሳቸው፤ ደመወዝም ቆረጠላቸው። ወደ 40 ሺህ የተጠጉት እነዚህ ሴቶች በጤና ኬላና በቤት ለቤት ጉብኝት 16 የጤና ፓኬጆችን ይዘው ዘመቱ፦ ክትባት፣ የቤተሰብ ዕቅድ፣ ሽንት ቤት፣ አጎበር፣ የእናቶች ክትትል። ኢትዮጵያ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ሞት እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 2012 ባለው ጊዜ በሁለት ሦስተኛ የቀነሰችው በብዙ ምክንያት ቢሆንም፣ የእነዚህ ሴቶች እግር በምክንያቶቹ መሐል ትልቅ ቦታ አለው። ሴት በመሆናቸው ወደ ጓዳ መግባት ቻሉ፤ የቀበሌው ልጅ በመሆናቸውም ማን ከማን ጋር እንደተቀያየመ፣ የማን ልጅ ልትዳር እንደታሰበ ያውቃሉ። ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ የሚባለው ይህ ነው።

ነገር ግን ዕድሉ እዚያው ቆመ። ከደረጃ 3 ወደ ደረጃ 4 የማደግ ሥልጠና ቢኖርም፣ ወደ ዲግሪና ከዚያ በላይ የሚወስደው በር ጠባብ ነው፤ የዝውውር፣ የደመወዝና የትምህርት ቅሬታቸውም በየጥናቱ ተደጋግሞ ይነሣል። ከሁሉም በላይ የሚያሳስበው ሥራቸው የተቀረጸው ከላይ ወደ ታች መልእክት እንዲያደርሱ መሆኑ ነው። ሪፖርት ይጽፋሉ፣ የሽንት ቤት ብዛት ይቆጥራሉ፤ «ውኃ በሌለበት እጃችሁን ታጠቡ ማለት ምን ማለት ነው?» ብላ ወረዳን የምትሞግት ባለሙያ ግን የሥራ መደቡ አይጠብቅባትም።

ይኸው ነገር እ.ኤ.አ. በ2011 ከእነሱ በታች በተዘረጋው የሴቶች ልማት ቡድን ላይ ይብሳል። የአንድ ለአምስት መሪዎቹ ያለ ክፍያ የሚሠሩ እናቶች ናቸው። አንትሮፖሎጂስቱ ኬኔት ሜስና ባልደረቦቹ በአማራ ገጠር ባደረጉትና እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት፣ እነዚህ በጎ ፈቃደኞች ከጎረቤቶቻቸው የባሰ ችግርና የመንፈስ ጭንቀት ያለባቸው ሆነው ተገኝተዋል። ለሕዝብ ጤና ብዙውን ሸክም የተሸከመችው ሴት ነፃ ትምህርት ቀርቶ ነፃ ቀን የላትም።

በግ፣ ደብተርና የአዋላጅ ሙያ

ለአንዲት የገጠር ልጅ የትምህርት ዕድል ማለት ብዙ ጊዜ ከጋብቻ በፊት የሚገኝ ዕድሜ ነው። በዚህ ረገድ በዓለም ላይ ብዙ ጊዜ ከሚጠቀሱት ሙከራዎች አንዱ የተደረገው በዚሁ ዞን ነው። እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2006 በይልማና ዴንሳ ወረዳ፣ በሞሰቦ መንደር «ብርሃን ሔዋን» የተባለ ፕሮግራም ተካሄደ፤ ወረዳው በወቅቱ በምዕራብ ጎጃም ሥር ነበር። ለልጃገረዶቹ ደብተርና እርሳስ ይሰጣል፣ ሴት አስተማሪዎች በቡድን ያሰባስቧቸዋል፣ ሽማግሌዎችና ወላጆች በማኅበረሰብ ውይይት ይቀመጣሉ፤ ልጅቱን ሳይድር እስከ መጨረሻው የቆየ ቤተሰብም በግ ይሸለማል።

አኒ ኤሩልካርና ዩኒስ ሙቴንጊ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ግምገማ ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ልጆች የማግባት ዕድላቸው ከንጽጽሩ መንደር ጋር ሲተያይ ወደ አንድ አሥረኛ ወርዷል፤ ትምህርት ቤት የመገኘታቸው ዕድልም ጨምሯል። ግምገማው የማይመች እውነትም አልደበቀም፤ ከ15 እስከ 19 ባሉት ልጃገረዶች ዘንድ ጋብቻው እንዲያውም በልጦ ተገኝቷል። ደብተሩና በጉ ጋብቻን ገፋ አደረጉት፤ ከ15 ዓመት በኋላ ልጅቱን የሚጠብቃት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ማደሪያና ስንቅ ግን አልነበረም። የጋብቻ ዕድሜ 18 ነው ያለው የቤተሰብ ሕግና ያለ ዕድሜ ጋብቻን በአንቀጽ 648 የሚቀጣው የወንጀል ሕግ ከግምገማው በፊት ቢወጡም፣ ሕጉ ብቻውን ፍኖተ ሰላም ከተማ ወርዳ የምትማርን ልጅ ቤት ኪራይ አይከፍልም።

ይህን ክፍተት በአንድ ሙያ የሞላው የሐምሊን አዋላጆች ኮሌጅ ነው። ካትሪንና ሬጅናልድ ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1974 የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን ከመሠረቱ በኋላ፣ ሥራው ወደ ክልሎች ወርዶ የባሕር ዳሩ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2005 ተከፈተ። ከዚያ የተገኘው ትምህርት ቀላል ነበር፤ ፊስቱላን ከማከም አዋላጅ ማፍራት ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2007 የተከፈተው ኮሌጅ ከአማራና ከሌሎች ክልሎች የገጠር ሴት ልጆችን መርጦ፣ ሙሉ ወጪያቸውን ችሎ፣ እስከ ዲግሪ አስተምሮ በመጡበት አካባቢ ወዳሉ ጤና ጣቢያዎች ይመልሳቸዋል። ምርጫው ከአካባቢው ነው፣ ትምህርቱ እስከ ዲግሪ ነው፣ መመለሻውም አስቀድሞ ተዘጋጅቷል፤ አዋላጇ ስትመለስ የምትሠራበት ጤና ጣቢያ ይጠብቃታል። በሐምሊኖች እጅ የታከሙት የማሚቱ ጋሼ ታሪክም ከዚሁ ጋር ይነሣል። ፊስቱላ ታመው የመጡ ያልተማሩ የገጠር ሴት፣ በእጃቸው ሙያ ተምረው ቀዶ ሐኪሞችን እስከ ማሠልጠን ደርሰዋል። መራጩ ከወረቀት ይልቅ ሰው ቢያይ ምን ሊያገኝ እንደሚችል እሳቸው ምስክር ናቸው።

ባሕር ማዶ

የውጭ ዕድሎች ሌላ ዓለም ናቸው። የብሪታንያው ቼቪኒንግ ዲግሪና 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ለጨረሰውም ሁለት ዓመት አገሩ ላይ መቆየትን ግዴታ ያደርግበታል። የጀርመኑ ዳአድ በሕዝብ ጤና ለሚደግፋቸው ኮርሶች ዲግሪና ቢያንስ ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይፈልጋል። የአሜሪካው ፉልብራይትም የመጀመሪያ ዲግሪ መነሻው ነው። ሁሉም እንግሊዝኛ ማወቅን ይፈልጋሉ፣ የድጋፍ ደብዳቤ ይጠይቃሉ፣ ማመልከቻውን በኢንተርኔት ይቀበላሉ። «የለውጥ መሪ» ይፈልጋሉ፤ የለውጥ መሪነት መለኪያቸው ግን በእንግሊዝኛ ስለ ራስ መጻፍ ሆኗል። በሰከላ ጤና ኬላ 15 ዓመት የሠራች የኤክስቴንሽን ባለሙያ የመጀመሪያውን መስፈርት አታልፍም።

ይህ መለወጥ የሚችል መሆኑን ያሳየ ሙከራ ነበር። የፎርድ ፋውንዴሽን ዓለም አቀፍ የፌሎውሺፕ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2013 በ22 አገሮች ከ4,300 በላይ ሰዎችን አስተማረ። የመረጠው ከተገለሉ አካባቢዎች የመጡ፣ ለማኅበራዊ ፍትሕ በተግባር የቆሙ ሰዎችን ነው። ምርጫውን የአገሩ ሰዎች ያካሂዱት ነበር፤ የቋንቋና የኮምፒዩተር ዝግጅት ለሚጎድለው ከጉዞው በፊት ያሠለጥኑት ነበር። ከአሥሩ ስምንት ያህሉ ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። ከምሥራቅ አፍሪካ ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ ተካተዋል፤ ኢትዮጵያ ግን ከ22ቱ አገሮች ውስጥ አልነበረችም።

ለእኛ የቀረበው በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ያለው የማስተርካርድ ፋውንዴሽን ፕሮግራም ነው። ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ለ450 ያህል ወጣቶች የታሰበ ሲሆን፣ ትኩረቱ አካል ጉዳተኝነትና በማኅበረሰብ ውስጥ የሚሰጥ ተሐድሶ ነው። ለጎጃም ልጅ ጎንደር ቅርብ ነው፤ ቋንቋው፣ በሽታውና ታካሚው የሚያውቀው ነው። ለሕዝብ ጤናና ለፍትሕ በአንድ ላይ የሚከፈል ዕድል በክልሉ ውስጥ ማግኘት እንደሚቻል ያሳያል።

ባሕር ማዶ ሄዶ ቀበሌ የመመለስን ነገር ደግሞ ከቦጋለች ገብሬ የበለጠ የሚያስረዳ የለም። በከምባታ ገጠር ተወልደው በትምህርት ዕድል ወደ ኢየሩሳሌሙ ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያም በፉልብራይት ወደ አሜሪካ ሄዱ፤ በሎስ አንጀለስም ኤፒዲሚዮሎጂ ተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1997 ከእኅታቸው ጋር ኬኤምጂ የተባለ ድርጅት መሥርተው የሴት ልጅ ግርዛትን ሊታገሉ ሲመለሱ፣ ሕዝቡ አስቀድሞ የነገራቸው ድልድይ እንደሚፈልግ ነበር። ድልድዩን አሠሩ፤ ከዚያ በኋላ ነው ስለ ግርዛት የሚያወያያቸው ያገኙት። የማኅበረሰብ ውይይቱ ፍሬ አፍርቶ ግርዛቱ በአካባቢው እጅግ ቀነሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የቤልጂየሙን የንጉሥ ቦዱዋን ሽልማት ተቀበሉ፤ በጥቅምት 2012 ዓ.ም. አረፉ። ዩኒቨርሲቲ የሰጣቸው በሽታንና ልማድን የመተንተን ችሎታ ነው። ድልድዩን አስቀድሞ መሥራት እንደሚገባ ያስገነዘባቸው ግን ሕዝቡን መስማታቸው ነው።

የሕግ፣ የፈተናና የጦርነት አጥር

ጠያቂ የሚያስተምር ዕድል በአገር ውስጥ ያልበዛው ገንዘብ ስለጠፋ ብቻ አይደለም። የ2001 ዓ.ም. የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢው ከአሥር በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብአዊ መብት፣ በጾታ እኩልነት፣ በሕፃናትና በአካል ጉዳተኞች መብት ላይ እንዳይሠራ ከለከለ። ጤና ማስተማር ተፈቀደ፤ ጤናን እንደ መብት መጠየቅ ግን ተዘጋ። አንድ ሙሉ ትውልድ የጤና ሥራን ከፍትሕ ሥራ ነጥሎ የተማረው በዚያ ዐሥርት ነው። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ክልከላውን አንሥቷል፤ ልማዱ ግን ከአዋጁ በላይ ዕድሜ አለው። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የኑሮ ጥያቄ አንሥተው ከፊል ሥራ ሲያቆሙ፣ የመብት ድርጅቶች ባለሙያዎች መታሰራቸውን ዘግበዋል። ሐኪም ሆኖ መጠየቅ ዛሬም ዋጋ ያስከፍላል።

ሌላው አጥር የ12ኛ ክፍል ፈተና ነው። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶችም ከሺህ በላይ ነበሩ። በዲግሪ ላይ የተመሠረተ ዕድል ሁሉ ከዚህ ወንፊት በታች ያለውን ወጣት አያየውም። ዩኒቨርሲቲ የገባውም ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በወጪ መጋራት ዕዳ ይዞ ይወጣል።

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ጦርነቱ አለ። የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ ለወራት ተቋርጧል፤ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በዚያው ወር ጥቃት የደረሰባቸው ብሎ ከጠቀሳቸው ከተሞች ፍኖተ ሰላም አንዷ ናት። በኢንተርኔት ብቻ ማመልከቻ የሚቀበል ፕሮግራም በዚያ ዓመት የምዕራብ ጎጃምን ወጣት ሳያውቀው ዘግቶበታል። በዚህ ላይ እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካ የውጭ እርዳታ ታጠፈ፤ ዩኤስኤይድ ተዘጋ። ዲግሪ ሳይጠይቅ ወጣቶችን ይቀበል የነበረው የናይሮቢው የወጣት አፍሪካውያን መሪዎች ማዕከል ዋና ገንዘብ ይመጣ የነበረው ከዚያ ነው።

ምን ዓይነት ዕድል?

የታየው ሁሉ ሲጠቃለል ጥሩው ዕድል በቁርጥራጭ ተበታትኖ ይገኛል። ከኤክስቴንሽኑ የቀበሌ ምርጫ፣ ከሐምሊን እስከ ዲግሪ መድረስና የተዘጋጀ መመለሻ፣ ከሞሰቦ ቤተሰቡን አብሮ መያዝ፣ ከፎርድ የአገር ውስጥ መራጭና የቋንቋ ዝግጅት፣ ከጎንደሩ ቅርበት፣ ከቆሎ ተማሪው እምነት። የጎደለው እነዚህን የሚያገጣጥም ነው።

ቢገጣጠም ይህን ሊመስል ይችላል። እጩዎችን የቀበሌው ሕዝብና የሥራ ባልደረቦች ይጠቁማሉ፤ መስፈርቱ ዲግሪ ሳይሆን የሠሩት ሥራ ይሆናል። ማመልከቻው በአማርኛ፣ በወረቀት፣ በወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ወይም በፍኖተ ሰላም መምህራን ኮሌጅ ይገባል። የመጀመሪያው ዓመት እንግሊዝኛ፣ ኮምፒዩተርና ስታቲስቲክስ ነው። ትምህርቱ በደብረ ማርቆስ፣ በባሕር ዳር ወይም በጎንደር ሆኖ፣ የመመረቂያው ጥናት ከገዛ ወረዳው ጥያቄ ይነሣል፦ የሰሊጥ አራሚው የካላዛር ምርመራ፣ የዘይት ፋብሪካ ሠራተኛው ደኅንነት፣ የእግር እብጠት ታማሚው መገለል። ውጤቱም በቀበሌ ስብሰባ ይነበባል። ልጅ ላላት ሴት የሕፃን ማቆያ ወጪ ይታሰባል። በውሉ ላይም ተማሪው ባነሣው ጥያቄ ምክንያት ዕድሉ እንደማይነጠቅበት ይጻፋል፤ ይህ አንቀጽ ከሌለ ሌላው ሁሉ የተለመደውን አገልጋይ ከማፍራት አያልፍም።

ገንዘቡስ? ሁሉም ከውጭ መምጣት የለበትም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች ሲሞከር ከአማራ ከተመረጡት ሦስት ወረዳዎች አንዱ፣ በወቅቱ የምዕራብ ጎጃም የነበረው ደቡብ አቸፈር ነው። ገበሬው ለጤና በጋራ ማዋጣትን ያውቅበታል፤ እድሩም ሰንበቴውም ያውቀዋል። በ1984 ዓ.ም. የተመሠረተው የአማራ ልማት ማኅበር በአባላት መዋጮ ትምህርት ቤት ይሠራል፤ ከሚሠራው ግድግዳ ጎን የአንዲት ተማሪን ቤት ኪራይ መክፈል ከአቅሙ በላይ አይሆንም። በቡሬ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ያሉ ፋብሪካዎች የሚጠቀሙት የአካባቢውን ጉልበትና እህል ነው፤ የዚያን ጉልበት ጤና የሚጠይቅ ወጣት ማስተማር ለእነሱም ኪሳራ አይደለም። ውጭ ያለው ወገንም ከአንድ ጊዜ የመድኃኒት ጭነት ይልቅ የአራት ዓመት ትምህርት ቢሸፍን ገንዘቡ ረዘም ያለ ፍሬ ይሰጣል።

ለወጣት የጤናና የፍትሕ ታጋዮች ዕድል አዘጋጅቻለሁ የሚል ሁሉ፣ ማስታወቂያውን ከማውጣቱ በፊት አንድ ነገር ይፈትሽ፦ በቋሪት ጤና ኬላ የምትሠራ፣ ዲግሪ የሌላት፣ እንግሊዝኛ የማይቀናት፣ ሕዝቧ ግን የሚሰማት ሴት ለዚህ ዕድል ማመልከት ትችላለች? ተምራ ስትመለስስ ወረዳውን ብትጠይቅ ከሥራዋ ትቆያለች? ለሁለቱም «አዎ» የሚል ዕድል እስኪገኝ ድረስ ፎርሙ የተማረውን ሲያስተምር ይኖራል፤ ታጋዮቹም በየጤና ኬላቸው ሪፖርት ሲጽፉ ይቀራሉ።